ባለቤትሽ ከግዳጅ ሊመለስ ሲል

አዲስ አበባ ውስጥ ልደታ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ፍርድ ቤቱ ወይም ማርያም ናት። ሰፈሩ ግን የወታደር ሚስቶችም ሰፈር ነው። የቀላል ባቡሩ የምዕራብ ጫፍ ጦር ኃይሎች ነው፤ ሆስፒታሉም እዚያው አጠገብ ነው። ከዚያ በኮካ አድርገሽ ልደታ እስክትደርሺ ባሏ ወይም ወንድሟ «ግዳጅ ላይ ነው» የምትል ሴት አታጪም። ከሰፈሩ እምብዛም በማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ውስጥ ደግሞ የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት እየተሰበሰበ የሶማሊያው ተልእኮ ይራዘም አይራዘም ይመክራል። ሶማሊያ ውስጥ ባይዶዋ ያለው ሰውሽ የሚቆይበት ጊዜ በከፊል የሚቆረጠው ከቤትሽ የአንድ ታክሲ መንገድ በሆነ አዳራሽ ነው። ቀኑን የሚነግርሽ ግን የለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ባሏ ሶማሊያ፣ ደቡብ ሱዳን ወይም አገር ውስጥ ግዳጅ ላይ ላለባት፣ «በቅርቡ ይመጣል» እየተባለች ለምትጠብቅ ሴት ነው። ሚስቱ የዘመተችበት ባልም እንዲያነበው እፈልጋለሁ፤ ኢትዮጵያ ብዙ ሴት ሰላም አስከባሪዎችን በማሰማራት ስሟ በዓለም ፊት የሚጠራ አገር ናትና። «አንቺ» ያልኩትን «አንተ» ብሎ ያንብበው። የወታደር መመለስ የሚበላሸው ባብዛኛው በሁለት ነገር ነው፤ ቀን በማመንና ወረቀት ሳይያዝ ድግስ በመደገስ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ከዚያ እጀምራለሁ።

ቀን አትያዢ፤ ወር ያዢ

በሰላም ማስከበር ላይ ያለ ሻለቃ የሚመለሰው ጊዜው ስላለቀ ብቻ አይደለም። ተተኪው ሠልጥኖና ተሟልቶ መድረስ አለበት፤ አውሮፕላን መመደብ አለበት፤ በክረምት ጭቃ የሆነ ማረፊያ መድረቅ አለበት። ነገሩ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከለገሃር በባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ኮሪያ ጦርነት ሲሄድ የቀሩት ሚስቶች ባሎቻቸውን ያገኙት ሁለተኛው ቃኘው ተሻግሮ ከተካቸው በኋላ ነው። ያኔ ዜናው በደብዳቤ ነበር የሚመጣው። ዛሬ በቴሌግራም ይመጣል፤ የቅያሬው አሠራር ግን ያው ነው። ቀዳሚው የሚነሳው ተተኪው ሲቆም ነው።

አገር ቤት ገባ ማለትም ቤቱ ገባ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ወደ ካምፕ ነው የሚሄደው። መሣሪያና ንብረት ያስረክባል፤ የጤና ምርመራ ይደረግለታል፤ ሪፖርት አለ፤ ከዚያ በኋላ ነው የፈቃድ ወረቀት የሚጻፍለት። «ቦሌ አርፈናል» ብሎ ከደወለልሽ በኋላ ቀናት ቢያልፉ ሌላ ነገር አትጠርጥሪ።

ስለዚህ ለራስሽም ለሰውም የምትናገሪው ወሩን ብቻ ይሁን። ለልጆች ደግሞ ወሩንም አትንገሪ። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ «ለጥምቀት ይመጣል» ከተባለ ጥምቀት ሲያልፍ የሚቀየመው አባቱን ነው። በፌስቡክና በቲክቶክ «ጀግናዬ ሊመጣልኝ ነው» ብሎ ቀንና ቦታ መጻፍም ይቅር። የጦር ጉዞ በመንገድ ላይ የሚጠቃ ነገር ነው፤ ለሌባም ቢሆን አበል የያዘ ሰው ወደየትኛው ቤት እንደሚገባ ማስታወቂያ መለጠፍ ነው።

ወረቀቱን አሁን

ይህን ክፍል ሳትቸኩዪ አንብቢው፤ ብዙ ሴት የምትጎዳው እዚህ ላይ ነውና። እሱ እዚያ እያለ አንቺ የምትጨርሺው ወረቀት አለ፤ እሱ ካልመጣ የማይሆን ወረቀት አለ። ሁለቱን ለይተሽ በሁለት ክላሰር አስቀምጪ።

ከሁሉ በፊት የጋብቻ ማስረጃ። በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካሕ ወይም በሽማግሌ የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ነው፤ በ1992 የወጣው የፌደራል ቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ሦስቱንም ይቀበላል። ቢሆንም ባንክ ቤትም ሆነ የባልሽ ክፍል የሚጠይቅሽ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ወረቀቱን ነው። የሠርግ ቪዲዮ አይበቃም። ወረዳው ላይ ያልተመዘገባችሁ ከሆነ እሱ በመጣበት በመጀመሪያው የሥራ ሳምንት የሚሠራ ቁጥር አንድ ጉዳይ ይህ ነው። የልጆችንም የልደት ወረቀት አብረሽ አስወጪ። በነገራችን ላይ ሙሽራው ግዳጅ ላይ ስለሆነ በውክልና እንጋባለን የምትሉ እጮኞች ካላችሁ፣ በመርህ ሕጉ ሁለታችሁም በአካል እንድትገኙ ይፈልጋል። በውክልና መጋባት የሚቻለው ከባድ ምክንያት ኖሮ ፍትሕ ሚኒስቴር ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ውክልና። ብዙ ወታደር ሲሄድ ሰነዶች ማረጋገጫ ቀርቦ «ጠቅላላ ውክልና» ይሰጣል፤ ሚስቲቱም ሁሉን ማድረግ የምትችል ይመስላታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ግን ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስና ለመከሰስ፣ ለመታረቅና ለመሳሰሉት ሥራዎች ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወረቀትሽን አውጪና አንብቢው። «ቤት መሸጥ መለወጥ»፣ «መክሰስ መከሰስ»፣ «ከባንክ ገንዘብ ማውጣት»፣ «ደመወዝና አበል መቀበል» የሚሉት በግልጽ ከሌሉበት እንደሌለሽ ቁጠሪው። ጁባና ሞቃዲሾ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስላለ ውክልና እዚያም ሊሰጥ ይችላል፤ ግን ባይዶዋ ካምፕ ውስጥ ያለ ወታደር ተነስቶ ሞቃዲሾ ወርዶ ይፈርማል ብሎ ተስፋ ማድረግ ዘበት ነው።

ውክልና የሌላትስ? የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት በጋራ ያስተዳድሩታል ይላል፤ አንደኛው ማስተዳደር በማይችልበት ሁኔታ ሌላኛው ብቻውን እንዲይዝም ቦታ ይሰጣል። በአንጻሩ አንቀጽ 68 የጋራ ቤትን ለመሸጥ፣ ለማከራየትም ጭምር፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደርና ለማበደር፣ ዋስ ለመሆንም የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ አንድ ኪሎ ቅቤ አይገዛም፤ ሕጉ ላይ ግን ቁጥሩ እንደዚያው ነው። ስለዚህ የልደታ ኮንዶሚኒየም ክፍልሽን «ብቻዬን ምን አደርግበታለሁ» ብለሽ በቃል ከማከራየትሽ በፊት፣ ወይም ለእህትሽ ብድር ዋስ ሆነሽ ከመፈረምሽ በፊት፣ የእሱን የጽሑፍ ስምምነት ያዢ። የቴሌግራም መልእክት ፍርድ ቤት ውስጥ ክርክር ከመሆን ባያልፍም ከምንም ይሻላል፤ አታጥፊው።

በእሱ ስም ያሉ ነገሮችን ዝርዝር አውጪ። የኮንዶሚኒየም ዕዳ፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ሲም ካርድ። ለረጅም ጊዜ ሳይሞላና ሳይደወልበት የቆየ ሲም ሊዘጋ ይችላል፤ የባንክ መተግበሪያውና ቴሌብሩ የተያያዙት በዚያ ቁጥር ከሆነ ሰውየው ሲመጣ የገዛ ገንዘቡን ማየት አይችልም። በየጊዜው ትንሽ ካርድ ሙዪበት። የፋይዳ መታወቂያ ካላወጣ ግን አንቺ ልታወጪለት አትችይም፤ አሻራና ፎቶ የእሱ ነው። ይህን «እሱ ሲመጣ» በሚለው ክላሰር ላይ ጻፊ።

ዕድሩን አትርሺ። በልደታ አሮጌ ዕድሮች ውስጥ አባልነቱ በባል ስም የተመዘገበ ቤት ብዙ ነው። ወርኃዊው መዋጮ ቢከፈልም የድንኳን ተራና የቀብር ግዴታ ሲዘል ቅጣት ይጻፋል። ለዕድሩ ዳኛና ጸሐፊ «ባለቤቴ ግዳጅ ላይ ነው፤ በእሱ ፈንታ እኔ ወይም ወንድሜ እንገኛለን» ብለሽ በመዝገብ ላይ አስፍሪ። ዳኛው «ምን ችግር አለ» ብለው በቃል ቢያልፉሽ እንኳን አስጽፊ፤ ዳኛ ይለወጣል።

ስልክ፣ ዝምታና የማለዳ ደጅ

ሶማሊያ ያለው ሰዓቱ ከአንቺ ጋር አንድ ነው። ደቡብ ሱዳን ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ካምፑ የሚጠቀመው በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ እዚያ ሰዓቱ 20 ሲል አንቺ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልጆች ተኝተው ሳለ እየደወለ ወር ሙሉ የማያገኛቸው አባት ግን አለ። የሚደወልበትን ሰዓት በአንቺ አቆጣጠር ተነጋገሩና በር ላይ ለጥፊው።

የምትነግሪውን ምረጪ። የጣሪያው ማፍሰስ፣ የአከራይ ንግግር፣ የወንድሙ ጠብ እዚያ ሆኖ የማይፈታው ነገር ነው፤ ጥበቃ ላይ ለሚያድር ሰው ሌሊቱን ያስረዝምበታል። ጨርሰሽ አትደብቂ። ከፈታሽው በኋላ ንገሪው። የልጅ መታመም ግን አይደበቅ፤ ሲመጣ ከሰው አፍ የሰማው እንደሆነ ቀጥሎ «ደህና ነን» ስትይው አያምንሽም።

ስልኩ ዝም ሲል ምን ታደርጊ? ኔትወርክ ሊጠፋ፣ ቡድኑ ወደ ሌላ ቦታ ሊንቀሳቀስ፣ ስልክ ሊሰበሰብ ይችላል። አገር ውስጥ ግዳጅ ላይ ደግሞ ከሶማሊያ የባሰ ሊሆን ይችላል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 እስኪፈረምና ከዚያም በኋላ ሳይቀር፣ ያለ አንድ ቃል ወራት የቆየ ቤተሰብ ቁጥር ስፍር የለውም። ስለዚህ ከሄደ በኋላ ሳይሆን ሲሄድ፣ ካልሆነም በሚቀጥለው ጥሪ፣ ሦስት ነገር ጠይቀሽ ጻፊ፤ የክፍሉን ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ አብሮት ያለ አንድ ጓደኛውንና የጓደኛውን ሚስት ስልክ። የሚስቶች ሰንሰለት ከየትኛውም ቢሮ ይፈጥናል። ሰንሰለቱም ቢሮውም ዝም ካሉ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጦርነት የተጠፋፋ ቤተሰብን የሚያገናኝ አገልግሎት አለው፤ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ነው የሚሠራው። ማኅበሩ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ስታዲየም አካባቢ ስለሆነ ከልደታ በባቡር ትደርሺያለሽ። በፌስቡክ የሚለቀቅ የስም ዝርዝርን ግን አትክፈቺው። ፎቶ የተቀየረበትም ስም የተሳሳተበትም ይኖራል።

«ከባልሽ ክፍል ነው፤ ተጎድቷል፤ ለሕክምና ብር በቴሌብር ላኪ» የሚል ጥሪ ቢመጣልሽ ዝጊው። የተጎዳ ወታደር የሚታከመው በሠራዊቱ ሐኪም ነው። ቤተሰብ ብር አይጠየቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ጎረቤት ይስማልኝ። በእኛ ባህል መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ ይመጣል። ስለዚህ ባሏ ግዳጅ ላይ ያለች ሴት ከንጋቱ 11 ሰዓት በሯ ሲንኳኳ ምን እንደሚሰማት ለመገመት አይከብድም። ለዕድርተኞቹ፣ ለወተት አምጪዋ፣ ለወረዳው ሰዎች በግልጽ ንገሪያቸው፤ ለሌላ ጉዳይ ከሆነ ረፋድ ላይ ይምጡ፤ ሲመጡም ከውጭ ስማቸውንና ጉዳያቸውን ጮክ ብለው ይናገሩ። ማንም የማይከፋበት ልመና ነው።

ዝምታው ዓመት ቢሻገርስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ የሚመለከተው ሰው የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል ይላል፤ ውሳኔው ጋብቻውንም ያፈርሳል። ማንም ሴት ወደዚያ በር በፍላጎቷ አትሄድም፤ መንገዱ እንዳለ ግን ይታወቅ። ዘመድ «ተስፋ ቆረጠች» ብሎ እንዳያስፈራራሽ።

ሲቃረብ

የመምጫው ወር ከገባ በኋላ ከማዕድ ቤት በፊት ከልጅሽ አልጋ ጀምሪ። አባቱ ከሄደ ጀምሮ ካንቺ ጋር የሚያድር ልጅ አባቱ በመጣ ማታ «ከዚህ ተነሳ» ከተባለ፣ መጤው ጠላት ይሆናል። ከሳምንታት በፊት ወደ ራሱ ፍራሽ መልሺው፤ ምክንያቱንም ከአባቱ ጋር አታያይዢው። ሕፃን ከሆነ አባቱን የሚያውቀው በስልክ መስታወት ነው። በቁመት፣ በጠረንና በጺም ያለው ሰው ሌላ ሰው ነው። ሲያለቅስ «አባትህ እኮ ነው!» እያልሽ አታስገድጂው፤ አባትየውንም ቀድመሽ በስልክ አስጠንቅቂው። ቁጭ ብሎ ዳቦ ቆርሶ ይዘርጋ፤ ልጁ ራሱ ይመጣል።

ሰፈሩንም ቀድመሽ አሳዪው። የድሮው ልደታ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም የቆመበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው የመንደር መለወጥ አያስገርመውም፤ ግን በኮሪደር ልማቱ መንገድና አጥር ከተቀየረ፣ ወይም አንቺ ራስሽ ቤት ከቀየርሽ፣ ቪዲዮ ላኪለት። ሰው ለረጅም ጊዜ ሲያስበው የኖረውን በር ባያገኝ ይከፋዋል።

ጤና ጣቢያም ቀድመሽ ሂጂ። እሱ ከሄደ በኋላ የእርግዝና መከላከያ አቁመሽ ከሆነና አሁን ልጅ የማትፈልጊ ከሆነ በመጣበት ቀን መጀመር ይዘገያል፤ ክኒኑም መርፌውም በወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀናት ካልተጀመረ መከላከል እስኪጀምር ሰባት ቀን ያህል ይወስዳል። የኤች አይ ቪ ምርመራን በተመለከተ አብራችሁ መመርመሩን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ቤት ደንብ አንሺው፤ ሁለታችሁንም የሚመለከት ነው።

ምግብ? ጠላ አትጥመቂ። ጠላ ቀን አይጠብቅም፤ ቀኑ ሲገፋ ይኮመጥጣል፤ ሁለተኛ ስትጠምቂ ደግሞ ጌሾው ያልቃል። የማይበላሸውን አዘጋጂ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ቆሎ፣ የተለቀመ ቡና። ዶሮው «ከካምፕ ወጣሁ» ሲል ይገዛል። የቀን መቁጠሪያም ተመልከቺ። በረቡዕ ወይም በዓርብ የገባ ጿሚ ፊት ዶሮ ወጥ ማቅረብ፣ ወይም ሁዳዴ መሆኑን ረስቶ ሙክት ማሰር፣ በየሰፈሩ ሲያስቅ የሚኖር ታሪክ ነው። ወራት የታሸገ ምግብና ፓስታ የበላ ሆድ ለቅቤና ለበርበሬ ዝግጁ አይደለም፤ የመጀመሪያው ቀን አልጫ ቢሆን ሆዱ ያመሰግንሻል።

ስለት ካለብሽ ደግሞ እሱን ሳታማክሪ ቀኑን አትቁረጪ። ግንቦት ልደታ ላይ ሰፈሩ በየደጁ ንፍሮና ዳቦ ይዞ ሲወጣ የአንቺን ቤት ድርሻ ማብዛት ትችያለሽ፤ ለዚያ የእሱ መኖር አያስፈልግም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ድረስ እንሄዳለን የሚለው ግን የሁለት ሰው ፈቃድና የፈቃዱን ቀን የሚበላ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት የማን ነው?

እንግዳ ይመጣል። «እንኳን ደህና መጣህ» ሳይሉ መቅረት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ በር መዝጋት አይቻልም። የሚቻለው ጊዜውን መወሰን ነው። የሚበጀው እንዲህ ማድረግ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ለቤተሰብ ብቻ አድርጊ፤ ከዚያ «እሁድ ከሰዓት ቡና አለ» ብለው አማትሽ ወይም አንድ የሚከበሩ ሽማግሌ ይናገሩልሽ። ካንቺ አፍ ሲወጣ «ከለከለችን» ይባላል፤ ከእናቱ አፍ ሲወጣ ትእዛዝ ነው።

እናቱ ክፍለ ሀገር ከሆኑ ነገሩ ይከብዳል። ፈቃዱ አጭር ነው፤ ጎጃም ወይም ወለጋ ደርሶ መመለስ ግማሹን ይበላዋል። መቼ እንደሚሄድ፣ ብቻውን ይሂድ ወይስ አብራችሁ፣ ገና በስልክ እያላችሁ ጨርሱት። እናትየውን ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ከተቻለ ይሻላል ባይ ነኝ። ወጪው ቢበዛም ቀኑ ይተርፋል። ይህን ሳይወስኑ የቆዩ ባልና ሚስት የመጀመሪያውን ጠብ የሚጣሉት ሻንጣው ሳይፈታ ነው።

ትኩሳትና እንቅልፍ

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ወባን የምታውቃት ከሩቅ ነው። ባይዶዋም ጁባም ግን ወባ አለ። ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከመጣበት «ጉንፋን ነው፣ አየር ለውጥ ነው» ብለሽ ዳማከሴ አትጭመቂለት። በዚያው ቀን ክሊኒክ ውሰጂው፤ ገና ስትገቢም «ከሶማሊያ ነው የመጣው» ወይም «ከደቡብ ሱዳን ነው የመጣው» በይ። ካልነገርሽ የከተማችን ክሊኒክ ልማድ ታይፎይድ ብሎ መድኃኒት መስጠት ነው። ከወባ ዓይነቶች ገዳዩ ፋልሲፓረም ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ይነሳል፤ ቫይቫክስ የሚባለው ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊቀሰቀስ ይችላል። ስለዚህ «ከመጣ እኮ አራት ወሩ ነው» ማለት ወባ አይደለም ማለት አይደለም። 

እንቅልፉ መጀመሪያ ላይ ይዘባረቃል፤ ይህ የተለመደ ነው። ሲባንን ትከሻውን ይዘሽ አትነቅንቂው፤ ከራቅ ብለሽ በስሙ ጥሪው። ድንገተኛ ድምፅ የሚበዛባቸውን ቀኖች አስቀድመሽ አስታውሺው፤ ነሐሴ 13 ለቡሄ የሚጮኸውን ጅራፍ፣ የእንቁጣጣሽንና የመስቀልን ርችት፣ የካቲት 23 ለዓድዋ የሚተኮሰውን መድፍ። የታወቀ ድምፅ ድንገት እንደመጣ ድምፅ አያስደነግጥም።

አንድ ወር አልፎ ቅዠቱ ካልቀነሰ፣ ሰው ከሚበዛበት መራቅ፣ ያለ ልክ መጠጣት፣ በትንሹ መቆጣት፣ «ብሞት ይሻለኝ ነበር» የሚል ቃል ከተሰማ ግን ባሕርይ ተለወጠ ብለሽ አትለፊው። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል አለ፤ እዚያ የሥራ ባልደረቦቹ እንዳያዩት ከሰጋ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ከልደታም ሩቅ አይደለም። ጠበል እሄዳለሁ ካለ ይሂድ፤ ጠበሉ ግን የሐኪሙን መድኃኒት የማቆሚያ ምክንያት አይሁን። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ በዚህ ጊዜ ከቤት ይውጣ። ቢመታሽ ደግሞ «ብዙ ያየ ሰው ነው» ብሎ መሸፈን እሱንም አንቺንም አያድንም፤ ለፖሊስና ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ተናገሪ። ማዘንና መመታት ለየብቻ ናቸው።

ገንዘቡና ቁልፉ

አበል ተጠራቅሞ ይመጣል፤ ከአበሉ ቀድሞ ደግሞ ወሬው ይደርሳል። ዘመድ ብድር ይጠይቃል፤ ጓደኛ «አብረን መኪና እንግዛ» ይላል። ደንባችሁ አንድ ይሁን፤ ከዕዳ፣ ከትምህርት ቤት ክፍያና ከቤት ክፍያ በስተቀር በመጀመሪያው ወር ትልቅ ግዢም ብድር መስጠትም የለም። ለጠያቂ የሚሰጠው መልስ «ገና ከባለቤቴ ጋር አልተነጋገርንም» ነው፤ ከላይ ያነበብሽው አንቀጽ 68 ስላለ ውሸትም አይደለም። በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ በሕግ የጋራ ነው፤ የእሱ ደምና ላብ ነው ብለሽ አትሸማቀቂ፤ አንቺም የዕቁብ ዕጣሽን ደብቀሽ አትያዢ።

ቤቱን ማስረከብ ከባድ ነው። ወራት ሙሉ በጀቱን ስትይዢ፣ ልጅ ስትቀጪ፣ ከአከራይ ስትከራከሪ የኖርሽ ሴት ነሽ፤ እሱ ደግሞ ሲያዝና ሲታዘዝ የኖረ ነው። በመጣ በሳምንቱ «ይህ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» ይላል። የምመክርሽ ሁሉንም ባንድ ጊዜ እንዳትለቂለት፣ ሁሉንም ይዘሽም እንዳትቀሪ ነው። አንድ ሥራ ለይተሽ ስጪው፤ ልጆችን ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ወይም የዕድሩን ስብሰባ። ልጅ መቅጣቱን ግን በመጨረሻ ይረከብ። ከአባቱ ጋር ገና ያልተላመደ ልጅ ሲቀጣ የሚማረው ደንቡን ሳይሆን ፍርሃቱን ነው።

እሱ በቤቱ እያለ «እሱ ሲመጣ» የሚለውን ክላሰር አውጪ። በመጀመሪያው ሳምንት ጋብቻ ምዝገባ፣ ፋይዳ፣ ባንክ። በሁለተኛው ሳምንት ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ልዩ ሥልጣኖቹ አንድ በአንድ የተጻፉበት ውክልና። ከዚያ በክፍሉ ማህደር ውስጥ የአንቺና የልጆች ስም በትክክል መመዝገቡን ራሱ አይቶ ይንገርሽ፤ ከጋብቻ በፊት የተሞላ ቅጽ ላይ እናቱ ብቻ ተመዝግበው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ውክልናው ካለ ሥራው አልቋል ብለሽ አትዘናጊ፤ ከአበሉም ቢያንስ የሦስት ወር የቤት ወጪ በአንቺ ስም ይቀመጥ። የወታደር ሚስት ነሽና ቀጣዩ ግዳጅ የሚነገርሽ በሳምንት ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል፤ ሰነዶች ማረጋገጫም ቅዳሜና እሁድ እንደ አዘቦቱ ቀን አይሠራም።